ካለ ለምን አይሠራም?

ባለፈው ሐምሌ ነው። ከሰዓት በኋላ ቦሌ አራብሳ ጫፍ ላይ ካለ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። በየረር በኩል ሰማዩ ጠቁሮ እየመጣ ነበር፤ እኔ ግን የምጠብቀው እሱኑ ስለሆነ አልወረድኩም። ዝናቡ ሲጀምር ላፕቶፑን አቅፌ ደረጃው መውጫ ላይ ተጠለልኩ። የሕንፃው ጥበቃ ጋሼም አብረውኝ ናቸው። የጣሪያው ቁልፍ እሳቸው ጋ ስለሆነ እኔ ሳልጨርስ አይወርዱም። ልጃቸው ከደሴ ገንዘብ ልካላቸው ኖሮ መግባቱን በስልካቸው ሊያዩ ይሞክራሉ። ስልኩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ እንደገና ይሞክሩ ይላል። በመጨረሻ ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ነው።

“ልጄ፣ ካለ ለምን አይሠራም? ከሌለ ደግሞ ለምን አለ ይለኛል?” አሉኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። የምሠራበት ትንሽ ድርጅት የተቋቋመው ለዚሁ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። እዚያው ቆሜ ስለ ራዲዮና ስለ ዝናብ ማስረዳት ጀመርኩ። ጋሼ በትዕግሥት ሰሙኝና ሳበቃ “እና ገንዘቡ ገብቷል ወይስ አልገባም?” አሉኝ። እሱን እኔም አላውቅም፣ ስልካቸውም አያውቅም። ላፕቶፔ ላይ ግን ያን ጣሪያ ላይ ያለውን ታወር ከከተማው ጋር የሚያገናኘው ሊንክ ዝናቡ በጠነከረ ቁጥር ሲጠብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሳቸው የሚያዩት ሙሉ ነው፣ እኔ የማየው ሊደርቅ የተቃረበ። ታወሩ አንድ፣ ሰዓቱም አንድ።

የማን ታወር እንደሆነ አልናገርም። ነገሩ የአንድ ድርጅት ጉዳይ አይደለም፤ በማንኛውም ዳር አካባቢ፣ በማንኛውም ኦፕሬተር ላይ የሚደርስ ነው። የጋሼ ጥያቄ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። ሥራችንንም ትንሽ አቅጣጫ አስቀይሮታል፤ እሱን ነው ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት።

ከታወሩ ጀርባ

ስልካችሁ ላይ የሚታየው ምልክት የሚነግራችሁ በስልኩና በታወሩ መሀል ስላለው ነገር ብቻ ነው። ታወሩ ግን በራሱ ኢንተርኔት የለውም። ከስልኮች የሰበሰበውን ሁሉ ወደ ዋናው ኔትወርክ የሚያደርስለት፣ ከዚያም የሚመልስለት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በሙያችን ባክሆል እንለዋለን። መሀል ከተማ ይህ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ውስጥ የተቀበረ ፋይበር ነው። ዳር ላይ ግን ወይ ፋይበሩ ገና አልደረሰም፣ ወይ ደርሶም አዲስ መንገድ በተቆፈረ ቁጥር ይቆረጣል። ስለዚህ ሥራውን ማይክሮዌቭ የሚባለው የራዲዮ ሞገድ ይሠራዋል። ታወሮች ላይ ተሰቅለው የምታዩአቸው ክብ፣ ነጭ፣ ፊታቸው የተሸፈነ ዲሾች እነሱ ናቸው። አንዱ ሌላውን በቀጥታ እያየ ነው የሚነጋገሩት።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቧንቧው ኩሽና ውስጥ አለ፤ ውሃው ግን የሚመጣው በፈረቃው ቀን ነው። ማንም ቧንቧ አይቶ ውሃ አለ አይልም። ስልካችን ግን ቧንቧውን አይቶ ውሃ አለ ይለናል።

እንዲያውም ሊንኩ ጨርሶ ቢቆረጥ ይሻል ነበር። ብዙ ጊዜ ታወር ከጀርባው ያለው መንገድ ሲጠፋበት ማሰራጨቱን ያቆማል። ያኔ ስልኩ ወይ ሌላ ታወር ይፈልጋል፣ ወይ ኔትወርክ የለም ብሎ ቁርጡን ይናገራል። ሰውም ቁርጡን አውቆ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። የሚከፋው መሀል ላይ ያለው ነው። ሊንኩ አልሞተም፣ ጠቧል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በዚያች ጠባብ መንገድ ይጋፋል፣ ስልኩም እያንዳንዱን ሰው አለሁ አለሁ ይለዋል።

ዳር ላይ ይህን የሚያብሰው ሌላ ነገር አለ። የመጨረሻው ታወር ብዙ ጊዜ በቀጥታ ፋይበር ጋ አይደርስም። ወደ ጎረቤቱ ታወር ይልካል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ወደ ቀጣዩ፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ነው። ስለዚህ አራብሳ ፀሐይ ሆኖ አያት ላይ ዶፍ ቢወርድ፣ አራብሳ ያለ ሰው ኢንተርኔቱ ሊንቀረፈፍበት ይችላል። ዳር ያለ ሰው የራሱንም የጎረቤቶቹንም ዝናብ ነው የሚቀበለው። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ኔትወርኩ ለምን እንደታመመ ማንም አያስረዳውም፤ እሱም ለማን አቤት እንደሚል አያውቅም።

እኛ የምንሠራው

አምስት ነን። ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው የምንሠራው። ራዲዮውን እኛ አንሠራውም፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። የእኛ ሥራ ሁለት ራዲዮዎችን እንደ አንድ ሊንክ የሚያሠራ ትንሽ ሣጥንና በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው። ሐሳቡም የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ትልልቆቹ አምራቾች ይህን መሰል ነገር መሸጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። እኛ የምንፈልገው በእኛ ክረምት፣ በእኛ መብራትና እዚህ ሊከፈል በሚችል ዋጋ የሚሠራ እንዲኖር ነው።

ለምን ሁለት ራዲዮ? ኢ-ባንድ የሚባል ድግግሞሽ አለ፤ ከ71 እስከ 76 እና ከ81 እስከ 86 ጊጋኸርትዝ ያለው ማለት ነው። ሁለቱም ወገን 5 ጊጋኸርትዝ ስፋት አለው። በቆዩት የማይክሮዌቭ ባንዶች፣ ለምሳሌ በ18 ጊጋኸርትዝ፣ አንድ ቻናል አብዛኛውን ጊዜ 28 ወይም 56 ሜጋኸርትዝ ነው። ኢ-ባንድ ላይ ቻናሉ የሚለካው በ250 ሜጋኸርትዝ እየተባዛ ነው። ያን ያህል ሰፊ መንገድ ስላለው በሰከንድ እስከ 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ ራዲዮዎች ገበያ ላይ አሉ። ፋይበር ላልደረሰው ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ዝናብ ነው። በ80 ጊጋኸርትዝ የሞገዱ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ከዝናብ ጠብታ ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። ጠብታው ሞገዱን ይውጠዋል፣ ይበትነዋል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቀመር ብትሠሩት፣ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር በሚሆን ጥንካሬ የሚወርድ ዶፍ 80 ጊጋኸርትዝን በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 19 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሰዋል። ይህ ማለት ጉልበቱ 80 እጥፍ ያህል ይወርዳል፣ ያውም በአንድ ኪሎ ሜትር ብቻ። በ18 ጊጋኸርትዝ ያው ዝናብ የሚወስደው 5 ዴሲቤል ገደማ ነው። በ7 ጊጋኸርትዝ ደግሞ ከ1 ዴሲቤልም ያነሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል። እነዚህ ሚሊ ሜትር የሚለኩ ሞገዶች አዲስ የ5ጂ ነገር ይመስሉናል። ሕንዳዊው ሳይንቲስት ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ካልካታ ላይ ይሞክራቸው ነበር፤ የአድዋ ጦርነት በተደረገበት ዘመን ማለት ነው። ካልካታም እኮ ክረምት የሚያውቅ ከተማ ነው።

ታዲያ ፈጣኑን ራዲዮ ሲያገኙ የድሮውን አውርዶ በሱ ለመተካት የሚቸኩሉ አሉ። አንዱን የታወር ቦታ ኪራይ፣ አንዱን የፈቃድ ክፍያ ማትረፍ ነው። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ከሞከሩት ደግሞ ውጤቱ ያኮራል፤ እዚህ ያን ጊዜ በጋ ነዋ። ሐምሌ ሲገባ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። እኛ የምንለው ሁለቱም ይኑሩ ነው። 80 ጊጋኸርትዙ በጥሩ ሰዓት ሁሉንም ይሸከም፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ 18ቱ ይረከብ።

ያን ቀን ጣሪያው ላይ የሆነውም ይኸው ነበር። እዚያ ያለው ሊንክ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፈጣኑ ራዲዮ ዶፉ እንደጀመረ ተሰናበተ። ሣጥናችን ትራፊኩን ወደ 18ቱ አዞረው፤ እስከዚህ ያሰብነው ሆኗል። ቀጥሎ 18ቱም ራሱን ለማዳን መጠኑን መቀነስ ጀመረ። እነዚህ ራዲዮዎች ሰማዩ ጥሩ ሲሆን በአንድ የሞገድ ምት 8 ቢት (የመረጃ ቅንጣት) ያስተላልፋሉ፤ ሲጨንቃቸው ወደ 6፣ ወደ 4፣ መጨረሻ ላይ ወደ 2 ይወርዳሉ። ግንኙነቱ አይቋረጥም፣ ግን የቀረው ሩቡ ነው። ያውም የትንሹ ራዲዮ ሩብ።

53 ደቂቃው መቼ ነው?

ማታ ቤት ገብቼ የዕለቱን ሪፖርት ከፈትኩ። ያ ሰዓት በአረንጓዴ ተቀምጧል። ሊንኩ ሠርቷል ይላል።

ደጋግሜ አየሁት። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም። በኢንዱስትሪው አሠራር ሊንክ “ሠራ” የሚባለው በዝቅተኛው መጠንም ቢሆን ካልተቋረጠ ነው። በ2 ቢት እየተንፏቀቀም ቢሆን አለ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ የጋሼ ስልክ አለ አላቸው፣ ሪፖርቱም አለ አለኝ፤ ሰውየው ግን የልጃቸውን ገንዘብ ማየት አልቻሉም። ጥያቄያቸው ለስልኩ ብቻ የቀረበ መስሎኝ ነበር። ለካ ለእኔም ነው። እኔም በየወሩ ለኦፕሬተሩ የማቀርበው ሰነድ ላይ አለ እያልኩ ነው የምጽፈው።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩን እንደ አዲስ ማሰብ ጀመርኩ። ሊንክ ሲታቀድ ኦፕሬተሮች ከሚጠይቁት አንዱ 99.99 በመቶ ነው፤ በዓመት ውስጥ ከዚህ በታች እንዳይሆን ይላሉ። ሲሰሙት ያረካል። የቀረው 0.01 በመቶ በደቂቃ ሲቆጠር በዓመት 53 ደቂቃ ገደማ ነው። 53 ደቂቃ ምን ይጎዳል? በዓመቱ ቀን ብናካፍለው በቀን 9 ሰከንድም አይሞላ።

ግን አይካፈልም። ጥር ላይ ይህ ዝናብ የለም፣ የካቲትም ብዙ አያስቸግርም። የአዲስ አበባ ዝናብ አብላጫው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ጫፉ ሐምሌና ነሐሴ። በእነሱም ውስጥ ጠንካራው ዶፍ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ያ 53 ደቂቃ ዓመቱን ሙሉ እንደ ሽሮ አይነሰነስም፤ በጥቂት የሐምሌና የነሐሴ ከሰዓቶች ላይ ተከምሮ ይወርዳል። ይህም ጨርሶ የሚቋረጥበትን ብቻ ስንቆጥር ነው፤ እየተንፏቀቀ አለ የሚባልበት ጊዜ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሰፈር ውስጥ ሌላ ነገር ይሆናል። ነፋሱና ዝናቡ መብራት ያጠፋል። መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ ያለው ዋይፋይ አብሮ ይጠፋል። ዋይፋይ የነበረው ሰው ሁሉ ዳታ ይከፍታል። ዝናብ የያዘው መንገደኛ በረንዳ ሥር ቆሞ ስልኩን ያወጣል። ታክሲ ያጣ ይደውላል፣ ራይድ ይጠራል፣ ቤት ላለው መልእክት ይልካል። ሊንኩ በዓመት ውስጥ በጣም በሚጠብበት ሰዓት፣ ሰው በጣም ይፈልገዋል። ሁለቱ የሚገናኙት በአጋጣሚ አይደለም፣ ምክንያታቸው አንድ ዝናብ ነው።

ይህን ያየሁት እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱ በፒ.530 ሰነዱ የዓመቱን አማካይ ለማስላት መንገድ ሲሰጥ፣ በፒ.841 ደግሞ የዓመቱን ቁጥር ወደ “ክፉው ወር” ቁጥር ለመቀየር ሌላ ቀመር አስቀምጧል። ክፉው ወር የሚለው ሐሳብ ራሱ የሙያው የቆየ ሐሳብ ነው። ቀመሩ አለ፣ ሰነዱ ለማንም ክፍት ነው። ግን ውል ላይ የሚጻፈው፣ ስብሰባ ላይ በትልቁ የሚታየው፣ ሁሌ የዓመቱ ነው። የዓመቱ ቁጥር ያምራላ።

እኔ እንደሚመስለኝ የዓመት አማካይ የሚጠቅመው ብዙ ታወር ላለው ነው። ሺህ ታወር ያለው ድርጅት አንዱ ሲጠብ ሌላው ይሠራለታል፣ በአማካይ ደህና ነው። ሰፈሩ አንድ ታወር ብቻ ያለው ሰው አማካይ የለውም። እሱ ያለው ያ ሰዓት ነው፣ ወይ ገንዘቡ ገብቷል ወይ አልገባም። ስለ ሽፋን ስናወራም እንዲሁ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ውድድሩ ብዙ ታወር አስተክሏል፤ ይህ ለዳር ሰፈር በጎ ነገር ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሆኖም ሰው ሁሉ የሚቆጥረው ታወሩን ነው። ከታወሩ ጀርባ ያለውን፣ ያውም በሐምሌ፣ የሚቆጥርለት እስካሁን አላየሁም።

ማን ይቅደም?

የጋሼ ነገር ሌላም ነገር ገልጦልኛል። እሳቸው የፈለጉት በጣም ትንሽ ነበር። ገንዘብ መግባቱን ማየት ጥቂት ኪሎባይት ነው። ሊንኩ ሩብ በሆነበት ሰዓት እንኳ የዚያን ሰፈር የገንዘብ መልእክት ሁሉ ቢሸከም አይከብደውም። ታዲያ ለምን አላለፈም? ኦፕሬተሩ ለሙከራው የሰጠን ቅንብር ከድምፅ ጥሪ በቀር ሌላውን ዳታ ሁሉ እኩል ያይ ስለነበር ነው። አጭር ቪዲዮ እያገላበጠ ዝናቡን የሚያሳልፈው ልጅና ጋሼ እኩል ተራ ጠባቂ ናቸው። ቪዲዮው ብዙ ነው፣ ይጋፋል፤ የጋሼ ጥቂት ኪሎባይት መሀል ላይ ሰጥሞ ይቀራል፣ አፑ መጠበቅ ይሰለቸውና እንደገና ይሞክሩ ይላል።

እኩልነት ጥሩ ይመስላል። በሰፊ መንገድ ላይ ጥሩም ነው። መንገዱ ሲጠብ ግን ብዙ የያዘው ነው የሚያሸንፈው።

ይህን ቢሮ ውስጥ ሳነሳ ተከራከርን። ሶፍትዌሩን በዋናነት የሚጽፈው ባልደረባዬ አልተስማማም። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፣ ስለዚህ ሳልቀንስ ላስቀምጠው። እኛ ሣጥን ሠሪዎች ነን አለኝ። የማን መልእክት ይቅደም ብለን የምንወስነው እኛ ማን ነን? ዛሬ ገንዘብ ይቅደም እንላለን፣ ነገ አንዱ መጥቶ የእኔ አፕ ይቅደም ብሎ ይከፍላል። በዚያ ላይ ያ ቪዲዮ የሚያየው ልጅ ምናልባት ለማትሪክ የሚያጠና ይሆናል። ከውጭ ስታየው ቪዲዮ ቪዲዮ ነው፣ ትምህርት ይሁን ጭፈራ ሣጥኑ አያውቅም።

ልክ ነው። እኔም ይህን ፍራቻ እጋራዋለሁ። ግን የእኔ መልስ ይህ ነበር፦ አለመወሰንም ውሳኔ ነው። ሁሉንም እኩል አድርገን ስንተው ትልቁ ይቅደም ብለን ወስነናል፤ ልዩነቱ ማንም አለማወቁ ነው። በጥሩ ሰዓት ማንም ማንንም አይቅደም፣ በዚህ አልከራከርም። ሊንኩ ከግማሽ በታች ሲወርድ ግን፣ ለዚያች ሰዓት ብቻ፣ ትንሿ መልእክት ትለፍ። ጥሪ፣ አጭር መልእክት፣ የገንዘብ ማረጋገጫ። የማንም ይሁን፣ የየትኛውም ባንክ፣ የየትኛውም አፕ። መለያው የላኪው ስም ሳይሆን የመልእክቱ ትንሽነት ይሁን። ከፍዬ ልቅደም የሚል ሲመጣ እንቢ የምንልበት ምክንያት የሚሰጠን ይኸው ነው።

ባልደረባዬ ተኝቶበት መጣና አንድ ነገር ጨመረበት፤ እኔ ያላሰብኩትን። ይህ ቅደም ተከተል ሶፍትዌሩ ሆድ ውስጥ ተደብቆ መቀመጥ የለበትም አለ። ሣጥኑ መጀመሪያ ሲበራ፣ የሚተክለው ቴክኒሻን ፊት ለፊት በአማርኛ ተጽፎ ይምጣ፣ ሊንኩ ሲጠብ ማን ይቅደም ብሎ ይጠይቅ። ኦፕሬተሩ ራሱ መርጦ ይፈርምበት። እኛ ሐሳብ እናቅርብ፣ ውሳኔው ግን ባለቤት ይኑረው።

ይህን ያለው የትንሽ ድርጅትን ዕጣ ስለሚያውቅ ነው ብዬ አስባለሁ። በዚህ ሙያ ትንንሾች ብዙ አይቆዩም። የካናዳው ድራጎንዌቭ በማይክሮዌቭ ባክሆል ስም የነበረው ድርጅት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በዕዳ ምክንያት ንብረቱ ፍርድ ቤት በሾመው አስተዳዳሪ እጅ ገባ። በሚሊ ሜትር ሞገድ ራዲዮ የሚታወቀው የእስራኤሉ ሲክሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በሴራጎን ተገዛ። እኛ ከእነሱ ጋር የምንወዳደር አይደለንም፣ ጥቂት ሰዎች ነን። ግን ነገ ብንዘጋ ወይም ብንሸጥ ሣጥኑ ጣሪያው ላይ ይቀራል። የውስጡን ሐሳብ የምናውቀው እኛ ብቻ ከሆንን፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ማን እንደሚቀድምና ለምን እንደሚቀድም አያውቅም። በግልጽ የተጻፈ ነገር ግን ያለ እኛም ይቀየራል፣ ይስተካከላል።

የጋሼ ገንዘብ በነገራችን ላይ ገብቶ ነበር። ልጃቸው የላከችው ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ገንዘቡ አለ፣ ማየት ነው ያልቻሉት። ሱቅ ሄደው ዘይት ሊገዙ ያሰቡት ለማግሥቱ ተላለፈ። ትንሽ ነገር ነው የሚል ይኖራል፤ ለእኔ ግን አይደለም። የዳር ሰፈር ሰው ለባንክ ቅርንጫፍ ሩቅ ነው፣ ለገበያ ሩቅ ነው፣ ስልኩ ነው ያቀራረበው። እሱም በሚያስፈልገው ሰዓት ከራቀው ምን ቀረለት? ደግሞ አያማርርም። ኔትወርክ እኮ ነው ብሎ ያልፈዋል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ ግን ልናገር ቢልስ ምን ብሎ ይናገራል፣ ስልኩ ራሱ ሙሉ ነው እያለበት?

አሁን ለኦፕሬተሩ በምናቀርበው ሪፖርት ላይ ሁለት አዲስ መስመር ገብቷል። አንደኛው የክፉው ወር ቁጥር ነው፣ ከዓመቱ ቁጥር በላይ የተቀመጠ። ሁለተኛው ሊንኩ አለ እየተባለ ግን ከግማሽ በታች የሆነበት ጊዜ፣ በቀንና በሰዓት። የመጀመሪያውን ሲያዩ ደስ አላላቸውም፤ ቁጥሩ ከለመዱት ያስጠላል። ሁለተኛውን ያየ አንድ ኢንጂነራቸው ግን ዝም ብሎ ቆየና የሌሎች ታወሮቹንም እንዲህ ማየት እንደሚፈልግ ነገረን። ለእኔ ከሽያጩ በላይ ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ባሕር ዛፉና አዲሱ ፎቅ

ዝናቡ ያልፋል፣ መስከረም ይጠባል። ዳር ላይ ሌላ የማያልፍ ነገር አለ፤ ከተማው ያድጋል። ዲሾቹ መተያየት አለባቸው ብያለሁ። መተያየት ብቻም አይበቃም፣ በመሀላቸው ባለው ቀጥታ መሥመር ዙሪያ የተወሰነ ባዶ ቦታ ይፈልጋሉ። በ18 ጊጋኸርትዝና በ3 ኪሎ ሜትር ሊንክ፣ መሀል ላይ በዙሪያው 3 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሲተከል ባዶ የነበረው ሁለት ክረምት ቆይቶ ባዶ ላይሆን ይችላል።

በእኛ አካባቢ አንዱ ባላጋራ ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ወደ አዲስ አበባ የገባ ዛፍ ነው፣ ለብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል፣ እኔም ክፉ አልናገረውም። ግን በፍጥነት ያድጋል፣ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ቅጠሉ ሞገድ ይውጣል። ሌላው ባላጋራ ሕንፃ ነው። ሰው ጂ ፕላስ ሁለት ሠርቶ ይገባበታል፣ ገንዘብ ሲያገኝ ፎቅ ይጨምራል። ማንም ፎቅ ሲጨምር በዚህ በኩል ሊንክ ያልፋል ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ እንዲጠይቅም አይጠበቅበትም። አየሩ ላይ ምንም አይታየውማ።

ስለዚህ በጋውን የምናሳልፈው በመንገዱ ሥር በእግር እየሄድን ነው። ዛፍ እንለካለን፣ ጣሪያ ላይ የቆመ ፌሮ እንፈልጋለን። ብረቱ ወደ ላይ ከወጣ ፎቅ ሊጨመር ነው ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። የአየር ላይ ካርታ ይህን አያሳይም፣ ካርታው ሲነሳ ያልነበረ ዛፍ ዛሬ አለ። ከሩቅ አገር ሆኖ ሊንክ የሚያቅድ ሶፍትዌርም አያውቀውም። ትንሽ ሆነን የምንጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በእግር መድረስ እንችላለን።

በቅርቡ በአራብሳው ሊንክ መንገድ ላይ፣ ከግማሹ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ እንዲህ ፌሮው የቆመ ሕንፃ አገኘን። ባለቤቷ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁለት ፎቅ ሊጨምሩ ነው፣ አንዱ ለልጃቸው መኖሪያ፣ አንዱ ለኪራይ። ከሰኔ በፊት ሊጨርሱ አስበዋል። ከጨረሱ ሊንኩ ያበቃለታል። ሻይ አስቀረቡልን፣ እኛም ነገሩን በላፕቶፕ አሳየናቸው። ሰምተው ሲያበቁ “ታዲያ ለምን እኔ ጣሪያ ላይ አታደርጉትም?” አሉን።

ይሆናል። መንገዱ ለሁለት ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይወርዳል። በዚያ ርቀት 80 ጊጋኸርትዙም ብዙዎቹን ዝናቦች ይችላል፣ 18ቱም በዶፍ ጊዜ ያን ያህል አይወርድም። ለኦፕሬተሩ አቅርበነዋል፣ ኢንጂነሩ ደግፎታል። ባለቤቷ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ ወርሃዊ ኪራይ፣ እና መብራት ሲጠፋ ለእኛ ባትሪ ከሚመጣው ላይ ለደረጃው አንድ አምፖል። አምፖሉን እሺ ብለናል። በኪራዩ ገና እየተነጋገርን ነው።